አጫጭር አበቦችን ከዘር ማብቀል
(በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ደጅ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አበባ ነው። አበባ ስንል ግን ሁሉንም አበባ አይደለም። ቁመታቸው ከአንድ ስንዝር ወይም ከአንድ ስንዝር ተኩል የማይበልጥ፣ ከዘር የሚበቅሉ፣ በደጃፍ ዳርና በአሮጌ ጣሳ ውስጥ የሚያድጉ አበቦችን ነው።

ባለፈው ሳምንት ይህን ርእስ በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ፣ አንድ አባት ከኋላ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ አበባ ይበላል? ወይስ ይሸጣል?» ብለው ጠየቁን። ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። እኛ ግን አልሳቅንም። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መሬት ጠቦ፣ ከብቱ ግጦሽ አጥቶ ሳለ፣ «አበባ ትከሉ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መልሳችን እንዲህ ነው። አበባው አይበላም። ከገበያ የአራት ሰዓት መንገድ ርቀን ስለምንኖር፣ ገዢም አያገኝም። ስለዚህ የእህል መሬት አይነካ። ስንዴና ባቄላ ከሚዘራበት ማሳ ላይ አንዲት ክንድ እንኳ ለአበባ አትስጡ።

ታዲያ ለምን እንዘራለን? በስንዴ ማሳ ላይ «እስቲ ልሞክር» ማለት ያስፈራል። ሙከራው ካልሠራ ቤተሰብ ይራባል። ስለዚህ ገበሬው አባቱ እንዳደረገው ያደርጋል። ይህን አንዳንድ የከተማ ሰዎች «አለማወቅ» ይሉታል። እኛም ከመምጣታችን በፊት እንደዚያ እንል ነበር። አሁን አንልም። በጣሳ ላይ ግን ቢሳሳቱ ማንም አይራብም። ሦስት ጣሳ ደርድሮ፣ በአንዱ ፍግ ማብዛት፣ በአንዱ መጠኑን መጠበቅ፣ በአንዱ ምንም አለመጨመር ይቻላል። ከዚያም የታየውን መጻፍ ነው። እናንተ ደግሞ አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

በቅድሚያ የራሳችንን ስሕተት እንናገር።

ባለፈው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ለማስተማር ወደዚህ ስንመጣ፣ ከከተማ ጥቂት ፓኬት የአበባ ዘር ይዘን ነበር። የጣቢያውን ደጅ ለማሳመር አስበን ነው። ሰኔ 28 ቀን መሬቱን በዶማ ቆፈርን። ቦይ አወጣን። ዘሩን በቦዩ ውስጥ በተንነው። ከዚያ አራት ጣት በሚሆን አፈር ደፍነን፣ በእግራችን ረገጥ ረገጥ አድርገን ጨረስን። ሥራችን በጣም አስደስቶን ነበር።

የሐምሌ ዝናብ መጣ። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። የበቀለው ሙጃ ብቻ ነበር።

በመንገድ ሲያልፉ ሁልጊዜ የሚያዩን አንዲት እናት ነበሩ። የጎመንና የቃሪያ ችግኝ በማፍላት የታወቁ ናቸው። አንድ ቀን ቆም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ምን ዘርታችሁ ነው?» አሉን። «አበባ ነው፣ እማማ» አልናቸው። «ዘሩ ምን ያህላል?» አሉ። አሳየናቸው። «ስንት ጣት ቀበራችሁት?» አሉ። «አራት ጣት» አልን። እማማ ሳቁ። «እንዴ! ጤፍን አራት ጣት ብትቀብሯት ትወጣለች? ይችን የምታህል ፍሬ ስንቅ አላት እንዴ?» አሉን።

ነገሩ ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ዘር በውስጡ ስንቅ ይዟል። ቡቃያው ብርሃን እስኪያይ ድረስ የሚኖረው በዚያ ስንቅ ነው። ባቄላ ስንቁ ብዙ ስለሆነ ከጥልቅ አፈር ይወጣል። ትንሽ ዘር ግን ስንቁ ትንሽ ነው። በመንገድ ላይ ያልቅበታል፤ ሳይወጣ ይሞታል። ዘርን የዘሩ ውፍረት ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ በሚሆን አፈር ብቻ መሸፈን በቂ ነው። ይህን እኛ በዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ውስጥ አንብበነዋል። እማማ ግን በእጃቸው ያውቁታል።

ሐምሌ 12 ቀን ከእማማ ጋር ሆነን ሁለተኛውን ዘር ዘራን። ይህኛው በቀለ። እንዴት እንደ ተሠራ ኋላ እንነግራችኋለን። አሁን አበቦቹን እናስተዋውቃችሁ።

ሁለት ዓይነት ተክል አለ። አንዱ እንደ ጌሾና እንደ ቡና ነው። አንድ ጊዜ ከተተከለ ብዙ ዓመት ይኖራል። ሌላው እንደ ጤፍ፣ እንደ ስንዴና እንደ ኑግ ነው። በአንድ ወቅት ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል፣ ይሞታል። የምንነግራችሁ አበቦች እንደ ጤፍና እንደ ኑግ ያሉ ናቸው። በአገራችን የዚህ ጥሩ ምሳሌ አደይ አበባ ነው። አደይን ማንም አይዘራውም። በክረምት ይበቅላል። በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ዘሩም የሚመጣውን ዝናብ አፈር ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

ከከተማ ካመጣናቸው ውስጥ አንደኛው ማሪጎልድ ይባላል። ቀለሙ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ቀይ ነው። ቅጠሉን ብታሹት ሽታው ከረር ያለ ነው። አጭሩ ዓይነት ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አውሮፓውያን «የፈረንሳይ ማሪጎልድ» ይሉታል እንጂ አገሩ ፈረንሳይ አይደለም። የመጣው ከሜክሲኮና ከጎረቤቶቿ ነው። በሜክሲኮ ሰዎች በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ሲያስቡ የረጅሙን ማሪጎልድ አበባ በመቃብር ላይ ያኖራሉ። እኛ አደይን ለዘመን መለወጫና ለመስቀል እንደምንይዝ፣ እነሱም ይህን ቢጫ አበባ ለሙታናቸው ይይዙታል።

ሁለተኛው ዚኒያ ነው። እሱም የሜክሲኮ ነው። ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭና ቢጫ አለው። ስሙ የመጣው ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ከሚባል ጀርመናዊ ነው። ዚን በጎቲንገን ከተማ አስተማሪ ነበረ። የከተማዋን የእጽዋት ቦታም ይመራ ነበር። በ1759 እ.ኤ.አ. ሲሞት ዕድሜው ገና 31 ነበር። ከኛ በጥቂት ዓመት ብቻ ይበልጣል። ይህን ባነበብን ጊዜ፣ ለአንድ ወጣት አስተማሪ እንዲህ ያለ መታሰቢያ መደረጉ አስደስቶናል።

ሦስተኛው ፔቱኒያ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ለጀማሪ አንመክረውም። ዘሩ እንደ አቧራ ነው። በ1 ግራም ውስጥ የጤፍ ፍሬ 3 ሺህ ያህል ይሆናል። የፔቱኒያ ዘር ግን በ1 ግራም ውስጥ 10 ሺህ ያህል ነው። ከጤፍም ያንሳል ማለት ነው! ይህ ዘር አፈር አይለብስም። በረጠበ አፈር ላይ ተበትኖ በመዳፍ ጫን ይደረጋል እንጂ፣ ብርሃን ካላየ በደንብ አይበቅልም።

አራተኛው ናስቱርቲየም ነው። ዘሩ እንደ አተር ትልቅ ነው። ለልጆችና ዐይናቸው ለደከመ አባቶች የሚስማማው እሱ ነው። በጣት አንድ አንጓ ያህል አፈር ውስጥ ከተው ይዘሩታል። መጀመሪያ ላይ «አበባ አይበላም» ብለናችሁ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ዋሽተናል። የናስቱርቲየም ቅጠልና አበባ ይበላል። እንደ ፌጦ ያቃጥላል። የሚያጠግብ ግን አይደለም።

«አጭር መሆኑ ለምን አስፈለገ?» ትሉ ይሆናል። ረጅም አበባ በጣሳ ውስጥ ሲተከል ነፋስ ይጥለዋል። ሥሩም ቦታ አይበቃውም። በደጃፍ ዳር ሲተከል ደግሞ መንገድ ይዘጋል፤ እባብም ይሸሸግበታል። አጭሩ ግን ቅርንጫፉ ብዙ ነው። ጠጋ ጠጋ ብሎ እንደ ምንጣፍ መሬቱን ይሸፍናል። ሰዎች ይህን ዓይነት ያገኙት በመምረጥ ነው። ከበቀለው መካከል አጭሩንና ቅርንጫፉ የበዛውን እያዩ፣ የሱን ዘር ብቻ ለብዙ ትውልድ ሲያስቀምጡ ኖሩ። እናንተም ለዘር የሚሆነውን የገብስ ዛላ የምትመርጡት እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ጣሳው እንምጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ አድምጡን።

ባለፈው ክረምት፣ «ለአበባ የሚሆን አሮጌ ጣሳ ከቤት አምጡ» ብለን ነበር። አንዱ ወንድማችን ጥሩ ጣሳ ይዞ መጣ። ዝገት የለውም፤ ክዳንም ነበረው። «ከየት አገኘኸው?» አልነው። «ከቤት ነው። ከእንስራ ውሃ የምንቀዳበት ነው። ሌላ እገዛለሁ ብዬ ነው ያመጣሁት» አለን። ጣሳውን አገላብጠን ስናይ፣ በጎኑ ላይ የራስ ቅልና የተሻገሩ ሁለት አጥንቶች ተስለውበታል። ከሥሩ የተለጠፈች ወረቀት አለች። ግማሿ ተልጧል። ያን ጊዜ ወንድማችን ፊደል ከጨረሰ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። «እስቲ አንተው አንብበው» አልነው። ጣቱን በፊደሉ ላይ አድርጎ፣ «መ... ር... ዝ» አለ። እንደገና፣ «መርዝ» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ጣሳው በቤቱ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ልጆቹ ውሃ የጠጡበት በዚያ ነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት በቤቱ የታመመ ሰው ነበር ወይ ብለን አልጠየቅነውም። እሱም አልነገረንም። በዚያው ቀን ማታ ከቤቱ ሌሎች ሁለት ጣሳዎች አውጥቶ አመጣልን።

ስለዚህ የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለእህል፣ ለጨው አይሆንም። ቢያጥቡትም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ለአበባም አይሆንም። አንደኛ ነገር ቡቃያውን ሊገድለው ይችላል። ሁለተኛ፣ አበባው ሲደርቅ ልጅ ጣሳውን አንስቶ ውሃ ይቀዳበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችሁ ካለ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይገለገልበት ብሱትና ለግብርና ባለሙያ አስረክቡ። ወንዝ ውስጥ አትጣሉት። አታቃጥሉትም፤ ጭሱም መርዝ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በየጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ማንበብ ያልቻላችሁት ካለ ነገ ይዛችሁ ኑ።

ለአበባ የሚሆነው የዘይት ጣሳ፣ የተሰነጠቀ እንስራ፣ አፉ የተሰበረ ጋን ወይም የእንጨት ሳጥን ነው። ከሥሩ በምስማር አራት ወይም አምስት ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳ ከሌለው ውሃ ያቁርና ሥሩ ይበሰብሳል። ከቀዳዳው በላይ ጥቂት ገል ወይም ጠጠር ይደረጋል። ከዚያ አፈር ይገባል። እኛ የተጠቀምነው ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የቆየና በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨመር አድርጉ። ዋልካ ሲረጥብ ይጨቀያል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል።

እማማ ያሳዩን አዘራር ይህ ነው። ዘሩን በቀጥታ ደጅ ላይ አልዘራነውም። የሐምሌ ዝናብ ትንሽ ዘር ያጥባል። አንድ የእንጨት ሳጥን አፈር ሞልተን፣ ከጣራው ክፈፍ በታች፣ ጠብታ በማይደርስበትና ብርሃን ባለበት ቦታ አስቀመጥን። አፈሩን በወንፊት ነፍተን ደልዳላ አደረግነው። ከዘሩ በፊት አጠጣነው። የማሪጎልዱን ዘር በትነን፣ ላዩን ለመሸፈን ያህል ብቻ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር በወንፊት ነፋንበት። በላዩ እርጥብ ሣር ጣል አደረግን። ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ወዲያው ይነሣል። ካልተነሣ ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ይመዝና ይቀጥናል። ሣጥኑንም በእሾህ አጠርነው። ዶሮ ልቅ አፈር አይታ አታልፍም።

ዚኒያን ግን ችግኙ መነቀል አይወድም። እሱን ባለበት በሚቀርበት ጣሳ ውስጥ መዝራት ይሻላል።

ሐምሌ 20 ቀን፣ በስምንተኛው ቀን፣ ማሪጎልዱ በቀለ። ደስ ብሎን ጠዋትም ማታም ውሃ አጠጣነው። እማማ በሌሉበት ነው። በሦስተኛው ቀን ብዙ ቡቃያ ከአንገቱ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ወድቆ አገኘን። ይህ በሽታ የሚመጣው አፈሩ ሁልጊዜ ሲጨቀይና ቡቃያው ሲጠቀጠቅ ነው። መድኃኒቱ ሳሳ አድርጎ መዝራትና አፈሩ ከላይ ጠፍ ሲል ብቻ ማጠጣት ነው። ጣታችሁን አስገብታችሁ ፈትኑ። እስከ አንድ አንጓ ድረስ ደርቆ ከሆነ አጠጡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት።

የተረፈው ችግኝ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ጣሳና ወደ ደጃፉ ዳር አዛወርነው። ችግኙን ስትነቅሉ ቅጠሉን ያዙ እንጂ አገዳውን አትያዙ። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ አገዳው ከተጨፈለቀ ግን አለቀለት። በመካከላቸው አንድ አንድ ስንዝር ተዉ። ማታ ላይ ወይም ደመና ሲሆን ትከሉ። ችግኙ ሥር ሲይዝ የጫፉን ቡቃያ በጥፍር ቁረጡት። ያሳዝናል፤ እኛም እጃችን ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ጫፉ ሲቆረጥ ከጎን ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። አበባውም ይበዛል።

እዚህ ላይ ሦስቱን ጣሳ እናስታውስ። ሦስት የማሪጎልድ ጣሳ ደርድረን ነበር። በአንዱ ፍግ አበዛንበት። «ብዙ ከበላ ብዙ ያብባል» ብለን ነው። የዚያ ጣሳ ተክል ቅጠሉ ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሰው ሁሉ አደነቀው። እምቡጥ ግን ቶሎ አልያዘም። መጠነኛ ፍግ ያገኘው ቀድሞት አበበ። ምንም ያላገኘውም አነስ ብሎ፣ ጥቂት አበባ ይዞ፣ እሱም ቀደመው። ተክል ጥጋብ ሲበዛበት ቅጠል ማውጣት ይወዳል እንጂ ዘር ለማፍራት አይቸኩልም። በናስቱርቲየም ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። እሱ የሚያምርበት አፈሩ ደካማ ሲሆን ነው። ፍግ ካለባችሁ ለጎመናችሁ አድርጉት።

ስለ ውሃው አንዲት እኅታችን ያለችውን ሳንናገር አናልፍም። ወንዶቹ «ሴቶቹ ይትከሉ፤ ደጅ ማሳመር የሴት ሥራ ነው» ሲሉ፣ እሷ ተነሥታ፣ «ውሃውንስ ማን ሊቀዳ ነው?» አለች። ከምንጩ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መልስ የሰጣት ወንድ አልነበረም። እኛም ለጊዜው መልስ አልነበረንም። በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። በክረምት ዝናቡ ይበቃል። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ከሦስት ጣሳ በላይ የሚይዝ ቤት አይኑር። ለአበባ ተብሎ ውሃ አይቀዳ። እጅ የታጠቡበትና እህል የታጠበበት ውሃ ይበቃል። ሳሙና የበዛበት ውሃ ግን አይሆንም። ሲያጠጡም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይደለም። የዚኒያ ቅጠል ውሃ ሲበዛበትና ነፋስ ሲያጣ አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ ነጭ በሽታ ይይዘዋል። ይህን ያዩበትን ቅጠል ቆርጦ ማራቅ ነው።

ማሪጎልዱ የመጀመሪያ አበባውን የፈታው መስከረም 19 ቀን ነበር። ለመስቀል በሁለት ቀን ዘገየ! ልጆቹ በጣም አዘኑ። እኛም አዘንን። ይህን ግን እንደ ሒሳብ ትምህርት ተጠቀምንበት። ከሐምሌ 12 እስከ መስከረም 19 ስንት ቀን ነው? ጳጉሜን አትርሱ። 5 ሲሆን 72 ቀን ይመጣል። ለመስከረም 17 እንዲደርስ መቼ መዝራት ነበረብን? እዚያው በመሬት ላይ በእንጨት ጻፋችሁና «ሐምሌ 10» አላችሁ። አንድ አባት ግን፣ «ብርድ ቢዘገይበትስ? እኔ በሐምሌ ልደታ እዘራዋለሁ» አሉ። የሳቸው ሒሳብ ከኛ ሒሳብ ይሻላል።

አበባው ሲጠወልግ ቀንጥሱት። ተክሉ የሚያብበው ዘር ለማፍራት ነው። ዘር አፍርቶ ከጨረሰ «ሥራዬን ጨርሻለሁ» ብሎ ይደርቃል። የጠወለገው ሲቀነጠስበት ግን ሌላ አበባ ያወጣል። እንዲህ ስናደርግ እስከ ኅዳር አበበልን። በኅዳር አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስንነሣ በደጃፍ ዳር የተተከለው ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ወድቋል። በጣሳ የነበረውን ግን ማታ ወደ ቤት አስገብተነው ነበር። እሱ ተረፈ። ዘር የለቀምነው ከሱ ነው።

ስለ ማሪጎልድ አንድ ሌላ ጥቅም አለ። ቲማቲም ሲነቀል በሥሩ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ እብጠት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይህን የሚያመጡት በዐይን የማይታዩ የአፈር ትሎች ናቸው። አጭሩ ማሪጎልድ ከሥሩ በሚያወጣው ነገር እነዚህን ትሎች ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለት ሦስት እግር ማሪጎልድ ከቲማቲሙ አጠገብ መትከል ብዙ አይረዳም። ቲማቲም በሚተከልበት መደብ ላይ አስቀድሞ፣ ጠጋ ጠጋ አድርጎ፣ ለአንድ ወቅት ማሪጎልድ ብቻ መዝራት ያስፈልጋል። ቲማቲም ያላችሁ ሞክሩትና ጻፉልን።

ያላወቃችሁትን አበባ ግን ስላማረ ብቻ አታምጡ። አስተናግር ነጭ ረጅም አበባው ያምራል፤ ዘሩ ግን ልጅ ይገድላል። እንቦጭንም አስቡ። ሐምራዊ አበባው ደስ የሚያሰኝ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በብዙ አገር የተሠራጨው ሰዎች ለውበቱ ብለው ስለወሰዱት ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ የጣና ዳር ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በእጃቸው ሲነቅሉት ውለው አድረዋል።

ዘር አያያዝ። አበባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ቀንጥሳችሁ በጥላ አድርቁ። የማሪጎልድ ዘር ቀጭን ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጣ ያለ። በላስቲክ አትቋጥሩት፤ ይሻግታል። በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ አይጥና ጭስ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ለዘር የምትመርጡት አጭሩንና ቅርንጫፉ የበዛውን ይሁን። ንብ ከረጅሙ ወደ አጭሩ የአበባ ዱቄት ስለምታመላልስ፣ ረጅሙ በአጠገቡ ካለ ልጆቹ ይረዝማሉ። ከሱቅ የሚገዛ ድቅል ዘር ደግሞ ለአንድ ዓመት ያምራል፤ ከሱ የተለቀመው ዘር ግን እናቱን አይመስልም። እዚህ ያለን ዘር ድቅል አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት እናሳያችኋለን። ጎመን የሚያፈሉት እማማ ናቸው የጻፉት። ባለፈው ክረምት አብረውን ሲዘሩ ገና ፊደል እየቆጠሩ ነበር። በኅዳር ይህን ወረቀት አጣጥፈው ሰጡን። ማንም አላስጻፋቸውም። እንዲህ ይላል፤ «ሐምሌ 12 ዘራን። ሐምሌ 20 በቀለ። ልጆቹ ውሃ አበዙ ሞተ። መስከረም 19 አበበ። ኅዳር ውርጭ በላው። ዘንድሮ ሐምሌ 1።» «ዘንድሮ» ያሉት የሚመጣውን ክረምት ነው። አላረምነውም።

ይኸው አሁን ግንቦት ገብቷል። ዘሩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ተጠቅልሏል። ለእያንዳንዱ ቤት 20 ፍሬ አለ። በወረቀቱ ላይ ስማችሁንና የምትዘሩበትን ቀን ራሳችሁ ጻፉና ውሰዱ። እርሳሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ተራ ጠብቁ።